ዱሉዝ፦ መርከብ አጠገብ የሚቆምበት ቦታ

አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ኦፕሬተር ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ትልቅ መርከብ በዓይናቸው አላዩም። ባለፈው ሰኔ ሊጠይቁኝ ሚኒሶታ ሲመጡ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ወዳለችው የወደብ ከተማ ዱሉዝ ወሰድኳቸው። ከሴንት ፖል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።

"ሐይቅ ላይ ደግሞ የምን መርከብ?" አሉኝ መንገድ ላይ። ሱፒሪየር ሐይቅ ግን ጣናን ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጣል።

ቦታው ካናል ፓርክ ይባላል። መርከቦቹ ወደ ወደቡ የሚገቡት 90 ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ቦይ ነው። እርስዎ ቦዩ ዳር ይቆማሉ፤ ትኬት የለም። መጀመሪያ ቦዩ ላይ የተዘረጋው ድልድይ መኪና አስቁሞ ወለሉን እንዳለ ወደ ላይ ያነሣል። ከዚያ 300 ሜትር የሚረዝም ብረት በፊትዎ ያልፋል። ጥሩምባውን ሲነፋ ድልድዩ ይመልስለታል። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል።

"ባዶውን ነው የመጣው፤ ሆዱ ከውኃ ወጥቷል" አሉ አባቴ ገና ከሩቅ። ልክ ነበሩ፤ የብረት ማዕድን ሊጭን ነው የገባው። ከዚያ ዓይናቸው የወደቡን ክሬን ፈለገ። መርከቡ ጀርባ ላይ የተጋደመውን ረጅም ክንድ አሳየኋቸው። እነዚህ የሐይቅ መርከቦች የጫኑትን በዚያ ክንድ ራሳቸው ያራግፋሉ፤ የወደብ ክሬን አይጠብቁም። አባቴ ብዙ ዝም አሉ። "ታዲያ ስንት ሰው ይሠራበታል?" ብለው ጠየቁኝ በመጨረሻ።

አጠገቡ በ1973 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የመርከብ ሙዚየም አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። የካፒቴን ክፍል አስመስለው የሠሩት አለ። አባቴን ከመሪው ላይ ማንሣት ቸግሮኝ ነበር።

ለመሄድ ያሰበ ሰው የመርከቦቹን መግቢያ ሰዓት አስቀድሞ ይይ። እሱም ይዛነፋል፦ ጠዋት አራት ሰዓት የተባለልን ስድስት ሰዓት ተኩል ገባ። ፓርኪንግ ይከፈላል። በሰኔም ቢሆን ጃኬት ያዙ፤ የሐይቁ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ግን አትልፉ። ሱፒሪየርን ከሌሎቹ ሐይቆች በሚያገናኘው፣ ሱ በሚባለው ቦታ ያሉት የመርከብ ማለፊያ በሮች ስለሚዘጉ ከታችኞቹ ሐይቆች የሚመጣ መርከብ የለም።

እኛ በዚያው ቀን ልንመለስ ነበር። ማታ ሌላ መርከብ ይገባል ሲባል አባቴ ጋቢያቸውን ከመኪናው አስወጡ። ተከናንበው ቦዩ ዳር ተቀመጡ፤ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ከዚያ አልተነሡም።