አርኪ ለዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ይሆናል ወይ?

ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር (የተቋሙ ሥራዎች፣ ሲስተሞችና ሰርቨሮች እንዴት እንደሚያያዙ የሚያሳይ ካርታ) ልጀምር የሚል የአይሲቲ ክፍል ከሁሉ በፊት የሚያነሣው ጥያቄ «በምን እንሣለው?» የሚል ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ፍቼ ላይ ሁለት ሦስት ባለሙያ መድቦ ለሚነሣ ቡድን የምንመክረው አርኪን ነው። (ስሙ ከአማርኛው ቃል ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው።) አርኪ የአርኪሜት ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ አርኪሜት ደግሞ ለዚህ ዓይነት ካርታ የወጣ የምልክቶችና የደንቦች ቋንቋ ነው። የተወለደውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በእንግሊዙ ቦልተን ዩኒቨርሲቲ፣ ጂስክ በሚባለው የእንግሊዝ የትምህርት ቴክኖሎጂ ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ። ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው ነጻ የሶፍትዌር ፈቃድ ስለሆነ ክፍያም የተጠቃሚ ቁጥር ገደብም የለውም፤ የውጭ ምንዛሬ መጠየቅ ሳያስፈልግ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይጫናል።

የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው። የሬጅስትራሩ ዳታቤዝ ግማሽ ቀን ቢቆም ሥራው የሚቆመው ማነው? በቪዚዮ ወይም በፓወርፖይንት የተሣለ ሥዕል ይህን አይመልስም፤ እዚያ መስመር መስመር ብቻ ነው። አርኪ ላይ ግን ሬጅስትራሩ በሞዴሉ ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል፤ በአሥር ሥዕል ላይ ቢታይም ያው አንዱ ነው፤ ስሙ አንድ ቦታ ሲቀየር በሁሉም ላይ ይቀየራል። ቪዥዋላይዘር የሚባለውን መስኮት ከፍቶ ጥልቀቱን (ስንት ግንኙነት ድረስ ተከትሎ እንደሚያሳይ) ሁለት ወይም ሦስት ላይ ማድረግ ነው፤ የኦንላይን ትምህርቱ ሙድል፣ የካፌው ሚል ካርድ፣ የዶርም ምደባው፣ የመውጫ ፈተና ተፈታኞች ዝርዝር ከሬጅስትራሩ ጋር የተያያዙበት መንገድ ወዲያው ይታያል። ግንኙነቶቹ በትክክል ከገቡ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚሠራው ሞዴል የተማሪ ክሊራንስ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮክተር፣ ካፌ፣ ስፖርት፣ ሬጅስትራር እያለ ግቢውን በሙሉ ይዞራል። ክሊራንሱን እንደ ቢዝነስ ፕሮሰስ፣ ፈራሚዎቹን እንደ ቢዝነስ ሮል፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሶፍትዌር ኮሃንና ሚል ካርዱን እንደ አፕሊኬሽን ኮምፖነንት፣ ሰርቨሮቹን እንደ ኖድ ማስገባት ነው፤ እነዚህ የአርኪሜት ምልክቶች ስሞች ናቸው። አርኪሜት ከስድሳ በላይ ዓይነት ምልክትና ግንኙነት አለው፤ ለዚህ ሥራ ግን ስምንቱ ይበቃሉ። ሁሉንም ካልተማርን አንጀምርም ያለ ቡድን ሳይጀምር ሴሚስተሩ ያልቅበታል።

የሲስተሞች ዝርዝር በኤክሴል ካለ በእጅ ከመጻፍ በሲኤስቪ (ኤክሴል ሊያስቀምጠው በሚችል ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ማስገባት ይሻላል። አራት ዓምድ ያስፈልጋል፦ መለያ፣ ዓይነት፣ ስም፣ መግለጫ። ዓይነቱ በላቲን ፊደል፣ ቃላቱ ሳይለያዩ ተያይዘው ይጻፋል። መለያው ባዶ ቢሆን አርኪ ራሱ ይሰጠዋል፤ ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ባለ ባዶ መለያ ፋይል አርሞ ደግሞ በማስገባት ነው። ያኔ አርባው ሲስተም ሰማንያ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማስገቢያ በኋላ ከአርኪ ወደ ውጭ ልኮ፣ መለያ ያለበትን ፋይል ማረም ግድ ነው። ሲላክም ከፊደል ኮድ አማራጮቹ ዩቲኤፍ-8 ከቦም ጋር (UTF-8 BOM) የሚለውን ይምረጡ፤ አለዚያ ኤክሴል የግዕዙን ፊደል ያበላሸዋል።

ሞዴሉን በአማርኛ ለሚሠራ ሌላም ጥንቃቄ አለ። አርኪ «ሠራተኛ»ን እና «ሰራተኛ»ን፣ «ሬጅስትራር»ን እና «ሪጅስትራር»ን የተለያዩ ስሞች አድርጎ ነው የሚያያቸው። ሲፈለግ አንዱ ብቻ ይመጣል፤ ፈላጊው የለም ብሎ አዲስ ይፈጥራል፤ ሬጅስትራሩ ሦስት ይሆናል፣ «ይህ ቢቆም ማን ይቆማል?» የሚለው የተፅዕኖ ትንተናም ይበጣጠሳል። የአንድ ገጽ የስም አጻጻፍ ስምምነት ከመጀመሪያው ቀን ማውጣት ከዚህ ያድናል፤ አንዱም ሰው ይህን ገጽ በኃላፊነት ይያዝ።

ከሁሉ በላይ ሞዴል የሚያበላሸው አሶሲዬሽን የሚባለው ግንኙነት ነው። አርኪ ደንቡ የማይፈቅደውን መስመር አያስቀምጥም፤ አሶሲዬሽንን ግን የትም ይፈቅዳል። ጀማሪ መስመሩ እምቢ ሲለው ወደዚያ ይሸሻል። ውጤቱ «እነዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ» ከማለት የማያልፍ ሥዕል ነው። መረጃ ሲተላለፍ ፍሎው፣ አንዱ ለሌላው አገልግሎት ሲሰጥ ሰርቪንግ መሆን አለበት። የሰርቪንግ ቀስት ጫፉ ወደ ተገልጋዩ ነው፤ ብዙዎች ይገለብጡታል፣ ያኔ ትንተናው ካፌው ሲቆም ሬጅስትራሩ ይቆማል ይላል። ሌላው የማጥፋት ነገር ነው፦ ከሥዕሉ ላይ ማንሣትና ከሞዴሉ መሰረዝ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ ሁለተኛው ከሁሉም ሥዕሎች ላይ ያጠፋል።

ደካማ ጎኑ የጋራ ሥራ ነው። ዋናው አርኪ አንድ ፋይል ለአንድ ሰው ነው፤ በጋራ ፎልደር ላይ አስቀምጦ ሁለት ሰው ከከፈተው፣ ዘግይቶ ያስቀመጠው የፊተኛውን ሥራ ይደመስሳል። መፍትሔው ኮአርኪ የሚባለው ተጨማሪ ነው፤ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበውና በሚያዋህደው በጊት ይሠራል፣ ማከማቻውም በግቢው ሰርቨር ላይ የተጫነ ጊቲያ (የጊት ማከማቻ ሶፍትዌር) ሊሆን ይችላል። መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጦ የሚሠራ ባልደረባ ኔትወርኩ ቢቋረጥበት በላፕቶፑ ቀጥሎ፣ ሲመለስ ይልካል። ሁለት ሰው አንዱን ነገር ባንድ ጊዜ ከነካው ግን የማን እንደሚጸና አንድ በአንድ መምረጥ አለ፣ አሰልቺም ነው። ሬጅስትራርና አካዳሚክ ለአንዱ፣ ሰርቨርና ኔትወርክ ለሌላው ብሎ አስቀድሞ መከፋፈል ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

አርኪ ከሞዴሉ የሚያወጣውን የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ) ሪፖርት ወደነዋል። አርኪ ያልጫነ ዲን ወይም የፋይናንስ ኃላፊ በብራውዘር ከፍቶ ሲስተሙን ሲነካ መግለጫውን፣ ባለቤቱንና የተጨመሩለትን መረጃዎች ያያል። መብራት ለሚቆራረጥበት ግቢ በየሰርቨሩ ላይ «የትኛው ዩፒኤስ» የሚል ፕሮፐርቲ (ተጨማሪ መረጃ) መጨመር ዋጋ አለው። የይለፍ ቃልና የውስጥ አይፒ አድራሻ ግን እዚያ አይግባ፤ ሪፖርቱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ ሥዕል አስረክቦ ለሚሄድ አማካሪ ከመክፈል፣ ሁለት ባለሙያ በሳምንት ግማሽ ቀን ነጻ አድርጎ አርኪን መስጠት ይሻላል። ያን ግማሽ ቀን መስጠት የማይቻል ከሆነ ግን ባይጫንም ይሻላል፤ ዓመት ያልታደሰ ሞዴል ሰርቨር በሚቀየርበት ሌሊት ያሳስታል።