ዴቢያን ከ14 ወር በኋላ፦ ላፕቶፔ ውስጥ የሚኖሩት የድሮ ጠበኞች

ላፕቶፔን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣው ስክሪን ላይ «ዴቢያን ጂኤንዩ/ሊኑክስ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ በዊንዶውስ ፋንታ ላፕቶፑን የሚያሰራው ስርዓት ስም ነው። አምስት ሰከንድ ቆይቶ ይሄዳል። 14 ወር ሙሉ በየጠዋቱ አየሁት። መሃል ላይ የተጋደመችው እዝባር የስንት ዓመት ጠብ እንዳዘለች የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እኛ ቤት ጋሼ ነው የሚባለው።

ነገሩን ከስሩ ልጀምር። ስራዬ ትርጉም ነው፤ ቀኑን ሙሉ አማርኛ እተይባለሁ። ላፕቶፑን የገዛሁት ያገለገለ ነው፦ 6ኛ ትውልድ ኢንቴል፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ምንም አልሆነም። ግን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 2025 ላይ እንደሚያበቃ ተነገረ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ የኮምፒውተር ነገር በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ይምታታብኛል።) ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ ኢንቴል በይፋ አይቀበልም። ታዲያ ደህናውን ላፕቶፕ ልጣለው? ዲሴምበር 2024 ላይ ጋሼ ከአዳማ ፍላሽ ይዞ መጣና ዴቢያን 12ን ጫነልኝ።

ቶሎ የሚያልፈውን ቶሎ ልበል። ፈጣን ነው። ምንም ሳልከፍት ከ1 ጊጋ ያነሰ ራም ነው የሚይዘው። ሳላዘው ምንም አያወርድም፤ የሌሊት ጥቅል ስገዛ ብቻ አሻሽለዋለሁ። ባትሪው ስለደከመ መብራት ሲሄድ አንዳንዴ አብሮ ድርግም ይላል። መልሼ ስከፍተው ስለ «ጆርናል» አንድ መስመር ጽፎ ይነሳል። ጆርናል ማለት ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ የሚያሰፍርበት መዝገብ ነው፤ ገንዘብ ያዥ ካዝናውን ሳይከፍት እንደሚጽፈው ማለት ነው። እስካሁን የጠፋብኝ ሴቭ ያላደረግኩት ብቻ ነው።

የፈራሁት አማርኛውን ነበር። ሁለት የሶፍትዌር ጥቅሎች፣ አይባስና ኤም17ኤን፣ ከተጫኑ በኋላ «ሴራ» የሚባል የአጻጻፍ ስልት ይመጣል። ስሙ ያስደነግጣል፤ ተንኮል ግን የለበትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፊደላችን ነገር ያንገበገባቸው ሰዎች ግዕዝን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ የቀመሩት ስርዓት ምህጻረ ቃል ነው። ኤስን ስትጫኑ «ስ» ይወጣል። ኢ ሲከተለው «ሰ» ይሆናል፤ ኤ ሲከተለው «ሳ»። «ሴ» ከፈለጋችሁ ትልቁ ኢ ነው። «ሽ» ኤክስ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ሳምንት ኤስና ኤችን እያከታተልኩ ስጫን «ስህ» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። አሁን ጣቴ ለምዶታል፤ እንዲያውም ሰው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ እጄ ይሳሰራል።

አማርኛ ላይ ያጋጠመኝ እውነተኛ ችግር ሌላ ነው። አንድ ደንበኛ የ20 ዓመት ዕድሜ ያለው ፋይል ላከልኝ። ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ቁርጥራጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ዴቢያን አላበላሸውም፤ ዊንዶውስም ላይ ቢሆን ያ የድሮ ፎንት ከሌለ ያው ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የጋራ ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት፣ የግዕዝን ፊደል የጨመረው በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን ደስ ባለው ቦታ ይደረድር ነበር፤ ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቀጠሉበት። የአንዱ «ለ» ሌላው ዘንድ ሌላ ነገር ነው። በመጨረሻ ሰው ቢሮ ሄጄ፣ የድሮው ሶፍትዌር ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ ተመለስኩ። የገዛ ቋንቋዬን ለማንበብ የሌላ ሰው ቁልፍ ለመንኩ ማለት ነው። ለጋሼ ስነግረው ስልኩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ እኔስ 20 ዓመት ሙሉ ምን ስላችሁ ነበር?» አለ።

እውነቱን ነው፤ ሲለን ነበር። በ2006 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ያኔ የማርክ ሻትልወርዝ ኩባንያ ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ስርዓት በሲዲ አድርጎ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ሺፒት ይባላል፤ በ2005 ተጀምሮ በ2011 ቆመ። ጋሼ ጠየቀ። ከሁለት ወር በኋላ ከፖስታ ቤት ወረቀት መጣ። የሚከፈል ቀረጥ ይኖራል ብሎ ከአባታችን ገንዘብ ተበድሮ ሄደ። ሲመለስ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ብብቱ ስር ደግሞ ካርቶን። አስር ሲዲ! የምሥራች እንደመጣለት ሰው ነበር የሚያደርገው። ዘጠኙን ለዶርም ጓደኞቹ አደለ፤ አስረኛውን ቤታችን ባለው ብቸኛ ኮምፒውተር ላይ ጫነው።

ዘፈን ጠፋ። ኤምፒ3 ያኔ በፓተንት የተያዘ ስለነበር ኡቡንቱ ማጫወቻውን አብሮ አያመጣም፤ ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱ ደግሞ በስልክ መስመር ነው። የእኛ ሞደም ግማሽ ስራውን ለዊንዶውስ ያሸከመ ዓይነት ነበር፤ ዊንዶውስ በሌለበት ዕቃ ብቻ ነው። ጋሼ ኢንተርኔት ካፌ እየሄደ በፍላሽ ያመጣል። አንዱን ጥቅል ሲጭን «ሌላም ይቀራል» ይለዋል። ያንን ሲያመጣ ሦስተኛ ይጠይቀዋል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እናታችን ታግሳ ታግሳ «ዲዳ አደረግከው እኮ!» አለችው። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ሊኑክስ ማለት ለእኔ ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር ነበር።

ዶርም ውስጥም አልቀናውም። «በነጻ ነው» ሲላቸው ጓደኞቹ ይስቁበታል። ዊንዶውስም እኮ ሱቅ ውስጥ በጥቂት ብር፣ ክራክ ተደርጎ፣ ከነጨዋታው ይገኛል። እዚህ ላይ ቋንቋችን ያደለን ነገር ያለ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለነጻነትም ለዋጋ ማጣትም አንድ ቃል ነው ያላቸው። ማንም ኮዱን ሊያየው፣ ሊቀይረውና ሊያከፋፍለው የሚችል ሶፍትዌር «ነጻ» ይባል ያለው ሪቻርድ ስታልማን ዕድሜውን ሙሉ «እንደ ንግግር ነጻነት እንጂ እንደ ነጻ ቢራ አይደለም» እያለ ሲያብራራ ኖረ። በፌብሩዋሪ 1998 ፓሎ አልቶ ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች በዚህ ግራ መጋባት ተሰላችተው ሌላ ስም ፈለጉ። ክሪስቲን ፒተርሰን «ክፍት ምንጭ» የሚለውን አቀረበች። ኤሪክ ሬይመንድና ብሩስ ፔረንስ ያንን ስም ይዘው ተቋም መሰረቱ። ስታልማን ግን ስሙ ነጻነቱን ይሸፍናል ብሎ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። እኛ «በ» የምትባል አንዲት ፊደል አለችን፦ ነጻ ሶፍትዌር ሌላ፣ በነጻ የተገኘ ሶፍትዌር ሌላ። ጋሼ ያቺን ፊደል ቢተዋት ኖሮ ክርክሩን ያሸንፍ ነበር እላለሁ። እሱ አይስማማም።

እዝባሯም ከዚሁ ሰፈር ናት። ስታልማን ጂኤንዩ ብሎ ሙሉ ነጻ ስርዓት እንደሚገነባ በ1983 አስታወቀ። በ1991 ብዙው ተዘጋጅቶ ከርነሉ፣ ማለትም ከዕቃው ጋር የሚነጋገረው እምብርት፣ ቀርቶት ነበር። ሄልሲንኪ ያለ የ21 ዓመት ተማሪ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ያንን ሰራ። ሰዉ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልሎ ሊኑክስ አለው። ቤቱን አንዱ ሰርቶ፣ መሰረቱን ሌላው አውጥቶ፣ በመሰረቱ ባለቤት ስም ሲጠራ አስቡት። ኢያን መርዶክ በ1993 የጀመረው ዴቢያን ከስታልማን ወገን ሆኖ ሁለቱንም ስም ጻፈ። እኔ በወሬ መሃል ሊኑክስ ነው የምለው። ጋሼ በየጊዜው ያርመኛል።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። በ14 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ስታክ አድርጓል። የመጀመሪያው የ60 ገጽ ሰነድ 41ኛ ገጽ ላይ ነበር። የማውስ ቀስቱ ደረቀ። ካፕስ ሎክን ብጫነው መብራቱ እንኳ አይበራም። ማጥፊያውን ተጭኜ ከመያዝ ሌላ መንገድ አልነበረም። ጋሼ ጥፋቱን በግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም የስክሪኑን ዕቃ በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ላይ አላከከ። አንድ ድራይቨር ሲሳሳት ለምን ቤቱ በሙሉ ይወድቃል ብዬ ብጠይቀው ደስ አለው። ይቺን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው መሰለኝ የኖረው።

በጃንዋሪ 1992 የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባውም «ሊኑክስ ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ሚኒክስ የሚባለውን የማስተማሪያ ስርዓት የሰራው እሱ ነው፤ ቶርቫልድስም የተማረው በዚያ ነው። ክሱ ይህ ነበር፦ ሊኑክስ ድራይቨሩንም ፋይሉንም ሁሉን ከርነሉ ውስጥ አጭቋል፤ ይህ ወደ 1970ዎቹ መመለስ ነው። ከርነል ትንሽ መሆን አለበት፤ ሌላው ውጭ ሆኖ ቢወድቅ ብቻውን ይውደቅ። ተማሪዬ ብትሆን ጥሩ ውጤት አታገኝም ነበር ሲልም ጨመረበት። ቶርቫልድስ በብስጭት መለሰ፤ ቆይቶም ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ከርነሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ታሪክ ለተማሪው አደላ። 41ኛው ገጽ ላይ ግን እኔ ከፕሮፌሰሩ ጋር ነበርኩ።

የሚያስቀው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ ባሉ የኢንቴል ቺፖች ውስጥ፣ ማኔጅመንት ኢንጂን በሚሉት ክፍል፣ ሚኒክስ እንደሚሰራ በ2017 ተሰማ። ታነንባውም ራሱ ለኢንቴል ግልጽ ደብዳቤ ጽፏል። የእኔ ላፕቶፕ 6ኛ ትውልድ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ እላይ፣ ሚኒክስ እታች፤ የተጣሉ አስተማሪና ተማሪ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ።

ዴስክቶፕ፣ ማለትም የመስኮቶቹንና የምናሌውን ገጽታ፣ መምረጥም ራሱን የቻለ የድሮ ቁስል ነው። ዴቢያን ሲጫን የዴስክቶፕ ዝርዝር አቅርቦ ምረጡ ይላል። ጀማሪ ምን ያውቃል? ኬዲኢ በ1996 ተጀመረ፤ የተሰራበት ኪዩቲ የተባለው መሳሪያ ግን ያኔ ሙሉ ነጻ አልነበረም። በዚህ የተቆጡት ሚጌል ዴ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና በ1997 ግኖምን ጀመሩ። ኪዩቲ በ2000 ጂኤንዩ በሚጠቀምበት የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ወጣ፤ የጠቡ ምክንያት ሞተ፣ ጠበኞቹ ግን ሁለቱም በሕይወት አሉ። እኔ ከሁለቱም ሸሽቼ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ መረጥኩ። ቀለሙ ደብዛዛ ነው። አያናድደኝም።

የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ስካነሬ አይሰራም። አምራቹ ለዊንዶውስ ብቻ ነው ድራይቨር ያወጣው፤ በስልክ እያነሳሁ ነው የምልከው። ሁለተኛው ወርድ ፋይል ነው። ደንበኛ የላከልኝን በወርድ ፋንታ በምጠቀምበት ሊብሬኦፊስ ላይ ሰርቼ ስመልስ ሠንጠረዥ ይንሸራተታል። አንድ ቀን የሦስት ገጽ ውል ላይ የፊርማዋ መስመር ብቻዋን 4ኛ ገጽ ላይ ተገኘች፤ ደንበኛዬ በስልክ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። ምክንያቱ ፎንት ነው፦ እሱ የተጠቀመበት እኔ ጋ ስለሌለ፣ በምትኩ የገባው ሰፋ ብሎ መስመሩን ገፋው። አሁን ፒዲኤፍ አብሬ እልካለሁ። ኤዲት እየተደረገ የሚመላለስ ሰነድ ስራችሁ ከሆነ ይህንን አቅልላችሁ አትዩት።

ዴቢያን 13 ኦገስት 9፣ 2025 ወጣ። እኔ ሴፕቴምበር ላይ አሻሻልኩ፣ ሌሊት፣ ብቻዬን። መሃል ላይ ቆሞ «ያንተን ቅንብር ላቆይ ወይስ አዲሱን ልተካ?» ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለጋሼ አይደወልም። የራሴ ይቆይ አልኩት። ጠዋት ሁሉም እንደነበረ ነው፤ የስክሪኑ ጀርባ ሥዕል ብቻ ተቀየረ።

ጋሼ ባለፈው እሑድ ሊጠይቀን መጣ። ቡናው እስኪፈላ ላፕቶፑን ሳበና ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። ዴቢያን ላይ ነጻ ያልሆኑ ጥቅሎችን እየለቀመ የሚያጋልጥ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የድሮ ስሙ «ምናባዊ ሪቻርድ ስታልማን» ነው፣ ቀልዴን አይደለም። ያንን አስነሳው። ሦስት መስመር ወጣ፦ የኢንቴል ፕሮሰሰር ማስተካከያ፣ የግራፊክስ ፋየርዌር፣ የዋይፋይ ፋየርዌር። ፋየርዌር ማለት ዕቃው ራሱ ውስጥ ገብቶ የሚሰራ የአምራቹ ፕሮግራም ነው። የዴቢያን ሰዎች እነዚህን ፋየርዌሮች ከመጫኛው ጋር ለማካተት የወሰኑት በ2022 በድምፅ ብልጫ ነው፤ ከ12ኛው ጀምሮ አብረው ይመጣሉ። ዋይፋዬ ገና ከመጀመሪያው ቀን የሰራው በዚያ ድምፅ ነው። ጋሼ ግን ጉዳዩን እንደ ክህደት ነው የሚያየው።

«እነዚህን እናጥፋቸው» አለኝ።

«ዋይፋዩስ?»

ስክሪኑን ትንሽ አየው። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና «ለመሆኑ የዋይፋይ ፓስወርድሽ ምን ነበር?» አለ።