ሱባና ፖርቹጋል ድልድይ፦ ለጥቢ ፏፏቴ ፎቶ የትኛው አገልግሎት ገንዘቡን ያወጣል?

በጥቢ አገር ቤት ገብቶ ፏፏቴ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ከሁሉ አስቀድሞ ጎበዝ ሹፌር ላይ ያውጣ። አገራችን ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሽቅብ ለመሄድ ጊዜ አትፈጅም፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ ውኃው ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ጥላው ይጠቁራል። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ላለው ፖርቹጋል ድልድይ (ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት የራስ ዳርጌ ሥራ ነው) ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል፤ በሱሉልታና ጫንጮ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የተከራየነው መኪና ሹፌር በዋዜማው እየደወለ የመንገዱን ሰላም ያጣራ ነበር። ይህ ብቻውን የኪራዩን ዋጋ ያወጣል። ነዳጁ በማን እንደሆነና ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ ግን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ለሱባ (መናገሻ ሱባ ደን) ከፍ ያለ መኪና ይያዝ፤ ከሰበታ በኩል ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ ዝናብ ሲነካው ጭቃ ነው።

የሱባ አስጎብኚዎች ትሁትና መንገድ አዋቂ ናቸው፤ አካሄዳቸው ግን ለእግር ተጓዥ የተለካ ነው። «አንድ ቦታ ሁለት ሰዓት እንቆማለን» ብሎ መነሻው ላይ መንገር ያስፈልጋል።

ቅር ያሰኘን የካሜራ ዕቃ ኪራዩ ነው። ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያው) ካሜራውን የምትይዘዋ ትንሽ ሳህን ሳትኖረው ተሰጠን። እየዞረ የሚጠቁረው ኤንዲ ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ደግሞ ሰፊ ሌንስ ላይ ሲገጠም ሰማዩ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ጣለ። ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰፊውን ሌንስ ገጥሞ፣ ፊልተሩን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ መሞከር ነው። ጥቁረቱ የማይለወጥ ባለ 6 ስቶፕ ፊልተር (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ከተገኘ እሱ ይሻላል።

ሱባ ላይ የጥድና የዝግባ ዛፉ ስለሚያጨልመው ኤንዲ ላያስፈልግ ይችላል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ) 11 ላይ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/15 ሰከንድ ከሆነ፣ ሁለት ስቶፕ የሚበላ ፖላራይዘር (ብልጭታን የሚያጠፋ ፊልተር) ወደ 1/4 ያወርደዋል። የውኃው ክሮች ተለይተው የሚታዩት እዚህ ላይ ነው፤ ከ2 ሰከንድ ካለፈ ጉም ይሆናል። ፖላራይዘሩን እርጥቡን ቅጠልና ድንጋይ እያዩ ማዞር ነው፤ ብልጭታው ሲጠፋ አረንጓዴው ይወጣል። ድልድዩ ጋ ግን ቦታው ገላጣ ነው፤ 1/125 የነበረው በባለ 6 ስቶፑ ፊልተር ግማሽ ሰከንድ ይሆናል።

መስከረም ላይ ውኃው ብዙ ነው፣ ግን አፈር ይዞ ስለሚወርድ ሻተሩ ሲረዝም ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ጥቅምት መጀመሪያ የተሻለ ነው፤ ኅዳር ላይ የድልድዩ ፏፏቴ ይሳሳል። አደይ አበባን ከፊት ማስገባት ለሚፈልግ፣ ነፋሱ ስለሚያወዛውዘው ፊልተሩን አውልቆ በአይኤስኦ 800 እና በ1/125 ሁለተኛ ፎቶ አንስቶ በኋላ ማዋሃድ ነው።

ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ይዞ መምጣት አያዋጣም፤ ኤርፖርት ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ድልድዩ ጋ ምግብ ያለበትን ቦርሳ ክፍት አትተዉ፣ ጭላዳዎቹ ሰው ለምደዋል። ትራይፖዱንም ገደሉ ጫፍ ላይ አትትከሉት፤ ረጭታው የነካው ድንጋይ ያዳልጣል፣ ፏፏቴውም በሙሉ የሚታየው ከጎን ካለው አፋፍ ነው።