የብድር ገንዘቤ እንዲመለስ ለደከሙልኝ ማመልከቻ ጸሐፊ የቀረበ ምስጋና

የተከበራችሁ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በከተማችን ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ በመጻፍ ለሚተዳደሩ አንድ አባት ምስጋናዬን በአደባባይ ለመግለጽና እንደ እኔ ያበደሩት ገንዘብ ቀልጦ የቀረባቸው ወገኖች ወደ እሳቸው እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህ አላነሳውም፤ ያሉበትን ቦታ ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ በእሳቸው ፈቃድ እናገራለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ በቡና መድረሻ ወቅት ከአጋሮ በኩል ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ገዝታ ለመነገድ 180,000 ብር ተበድራኝ፣ በጥር ወር መጨረሻ ልትመልስልኝ ሁለት ምስክሮች ባሉበት በወረቀት ተፈራርመን ነበር። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ ስልኬን ማንሳት አቆመች፤ ቀጥሎ ቁጥሯን ቀየረች፤ መርካቶ አጠገብ የነበረውን ሱቋንም ለቀቀች። ሽማግሌ ብልክም የሚያነጋግሩት ሰው አጥተው ተመለሱ። ገንዘቡ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያና የሱቄ ዕቃ ማምጫ ስለነበር ትቼው ልቀመጥ የምችለው ነገር አልነበረም።

ወደ እኚህ አባት የመራችኝ ጎረቤቴ ናት። የጓደኝነታችንን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ስነግራቸው አንድም ጊዜ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያም መነጽራቸውን አድርገው የውሉን ወረቀት ወደ ብርሃን ዞር አድርገው አነበቡት፤ የሁለቱን ምስክሮች ፊርማ በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ «ልጄ፣ ይህ በእጅሽ ካለ ነገርሽ መንገድ አለው» አሉኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት (ዕዳውን አምኖ በመቀበል) ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል የደነገገ መሆኑን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። 500 ብር ዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ እንኳ በቅጡ ስለማይሸፍን፣ በወዳጅነት በቃል ብቻ የምንሰጣጠው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃል፤ ይህን ሳያውቅ ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ስንት ነው? ፖሊስ ዘንድ ልሂድ ወይ ብዬ ስጠይቃቸውም፣ ተበድሮ አለመክፈል በራሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል እንዳልሆነ ነግረው በከንቱ ከመመላለስ አዳኑኝ።

በመጀመሪያ የጻፉልኝ ክስ ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ስለ ወዳጅነታችን ያን ያህል ከነገርኳቸው ውስጥ ወረቀቱ ላይ ያሰፈሩት የውሉን ቀን፣ የገንዘቡን ልክና የመክፈያውን ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚያስቀይም አንድም ቃል አልነበረበትም። ደብዳቤው በእናቷ ቤት በኩል እንዲደርሳት አድርገን መልስ ስናጣ፣ ውሉ በጽሑፍ የተደረገና የገንዘቡ ልክ የተወሰነ በመሆኑ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት፣ ማለትም ከተለመደው ክርክር ባጠረ መንገድ፣ እንዲታይልኝ የሚጠይቅ ክስ ከቃለ መሐላ ጋር አዘጋጁልኝ። የክልላችን ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱን በዚያው ጻፉት፣ በአማርኛ የነበረውን ውልም አስተርጉመው አያያዙት። እኔ ቋንቋውን ለመነጋገር እንጂ ለሕግ ጽሑፍ አላውቀውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን አንቀጽ በአማርኛ አንብበው ካስረዱኝና የገባኝ መሆኑን ደጋግመው ከጠየቁኝ በኋላ ነበር እንድፈርም የፈቀዱልኝ። የፈረምኩትን አውቄ መፈረሜ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ምን ያህል እንዳሳረፈኝ ለመናገር ቃል ያጥረኛል።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር ልበል። የእሳቸው ድካም፣ የትርጉሙ፣ የፎቶ ኮፒውና የዳኝነት ክፍያው እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ ገና ከመጀመራችን በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ለይተው ጻፉልኝ፤ ወጪና ኪሳራ ሲጠየቅ ስለሚያስፈልግ ደረሰኞቹን እንዳልጥል አስጠነቀቁኝ። ጠበቃ እንዳልሆኑም አልሸሸጉኝም፤ ጓደኛዬ ውሉን ክዳ ክርክር ከተነሳ ጠበቃ ማቆም እንደሚሻለኝ አስቀድመው ነገሩኝ። ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ስለ ቀለብ ጉዳይ ልታስጽፍ የመጣችን አንዲት አቅመ ደካማ እናት ሳንቲም ሳይቀበሉ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ወደሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲልኳት በዓይኔ አይቻለሁ። ለእንጀራቸው የተቀመጡበትን ሥራ በዚህ ዓይነት ርኅራኄ የሚሠሩ ሰው በመሆናቸው አከብራቸዋለሁ።

ጓደኛዬ መጥሪያው ሲደርሳት ቀረበች፤ ዕዳውንም አልካደችም። ቡናውን በዱቤ የወሰደባት ሰው ሳይከፍላት በመቅረቱ፣ ፊቴን ማየት አፍራ እንደተሸሸገች ተናገረች። ክሱ ስድብ ያልነበረበት በመሆኑ ለመነጋገር አልተቸገርንም፤ ገንዘቡን ከፋፍላ እንድትከፍል ተስማምተን፣ እኚሁ አባት እንደመከሩን የእርቁን ጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ አቅርበን በመዝገቡ አስጸደቅነው። በፍርድ ቤት የጸደቀ እርቅ ባይፈጸም እንደ ፍርድ ሆኖ በአፈጻጸም ሊጠየቅበት ስለሚችል ለእኔ ዋስትና ሆነኝ፤ ለእሷም የመክፈያ ፋታ ሰጣት። ክፍያው ሁሉ በባንክ በኩል እንዲሆን ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። የመጨረሻው ክፍያ በዚህ ሳምንት ገብቶልኛል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ውለታዎን አልረሳም። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሁሉ የውሉን ዋና ቅጂ፣ ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ልካችሁ ከሆነ የማስተላለፊያውን ማስረጃ፣ የተበዳሪውን ሙሉ ስምና የሚኖርበትን ቀበሌ ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛባቸው ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል።