ከሴኡል ቶኪዮ፦ ሁለት ሰዓት ነው ብላችሁ ቀጠሮ እንዳትይዙ

ሴኡል ነው የምኖረው። ቶኪዮ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሁለቱም ጉዞ ግን ለየቅል ነበር። ርቀቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በሉት። ትኬቱ ላይም ሁለት ሰዓት ከምናምን ይላል። ችግሩ ያለው መሬት ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከኢንቼዮን ወደ ናሪታ ነው፣ ትኬቱ ረከሰልኝ ብዬ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። ኢንቼዮን ደሴት ላይ ያለ ኤርፖርት ነው፣ ከመሃል ሴኡል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የ4 ሰዓቱ በረራ 40 ደቂቃ ዘገየ፤ ለምን እንደዘገየ የነገረን የለም፣ በሩ ላይ ያለችውን ሠራተኛ ስንጠይቃትም ሰሌዳውን በጣቷ ከማሳየት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መዘግየት ያለ ነው፣ ግን ሰው ይነገረው እንጂ! ናሪታ ደግሞ ሌላ ሰልፍ፣ አሻራ ስጡ፣ ፎቶ ተነሱ። እሱን ጨርሳችሁ ስትወጡም ገና ቶኪዮ አልገባችሁም፣ መሃል ከተማው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ሺንጁኩ ሆቴሌ ስደርስ 10 ሰዓት ሆኗል። አስቡት፣ ለሁለት ሰዓት በረራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል!

በሁለተኛው ከጊምፖ ወደ ሃኔዳ ሄድኩ። ሁለቱም ለከተማ ቅርብ የሆኑት የድሮ ኤርፖርቶች ናቸው፣ ይህ መስመር የተከፈተውም በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከሴኡል ጣቢያ ጊምፖ በባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከሃኔዳም ቶኪዮ ውስጥ ወዳለው ሺናጋዋ ጣቢያ 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከበር እስከ በር አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ትኬቱ ወደድ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ከናሪታ የሚነሳው ፈጣን ባቡር ብቻውን ከ3,000 የን በላይ ያስከፍላል፣ እሱን ስትደምሩበት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ግማሽ ቀናችሁም ይተርፋል።

ስትመለሱ በረራው ረዘም ቢልባችሁ አትደንግጡ። ከላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ፣ በተለይ በክረምታቸው ይበረታል፤ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። እኔ ስመለስ 25 ደቂቃ ጨምሮብኛል። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ስለሆነ ግን ሰዓት ማስተካከል የለም።

የመስኮት ወንበር ያዙ። መውረድ ስንጀምር አጠገቤ የነበሩ እናት ክንዴን ነካ አድርገው በመስኮቱ አሳዩኝ፤ ፉጂ ተራራ፣ ጫፉ ነጭ፣ ከደመናው በላይ ብቻውን ቆሟል። ቋንቋ አልተግባባንም፣ ግን ሁለታችንም ፈገግ ብለን እስኪጠፋ ድረስ አየነው።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ፣ የኛው አየር መንገድ ኢንቼዮን አርፎ ወደ ናሪታ ይቀጥላል። አውሮፕላን ሳትቀይሩ መድረስ ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ሻንጣ ለበዛበት ሰው። የናሪታውን የባቡር ሰዓት ብቻ አስቀድማችሁ አስቡበት። የጃፓን ቪዛም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የግድ ነው፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ጨርሱ። ሴኡል ላላችሁ ግን ምክሬ አንድ ነው፦ ገንዘቡ ከተገኘ ጊምፖ።