የግቢ መግቢያዬን አስፋልት ያነጠፉልኝ ሰዎች፦ ከሥር ጎበዝ፣ ከዳር ቸልተኛ

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፤ ሌላ ሥራ ቢኖረኝም ደግሜ እጠራቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የምለው ሌላ ተቋራጭ ለምትቀጥሩም ይጠቅማል።

ዋጋ የጠየቅኩት ከተለያዩ ሰዎች ነው። አንዱ ግቢውን ሳያይ በስልክ «በካሬ ይሄን ያህል» ብሎ ጨረሰ። ሌላው ሳልጠራው በር አንኳኩቶ የመጣ ነው፤ «እዚህ ቅርብ ስንሠራ የተረፈ አስፋልት አለን፣ ዛሬውኑ ከወሰኑ በግማሽ ዋጋ» አለኝ። ትኩስ አስፋልት ከማምረቻው የሚወጣው 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሮለር ቢመላለስበትም አይጠቀጠቅም። ደንበኛ ፍለጋ በገልባጭ ሲዞር የዋለ አስፋልት እኔ በር ላይ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ገምቱ። በትህትና ሸኘሁት።

የእነዚህኞቹ ፎርማን ግን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አካፋ አምጡልኝ አለ። ሁለት ቦታ ቆፈረና አፈሩን አርጥቦ በመዳፉ ጨመቀው። «ጋሼ፣ ይሄ ዋልካ ነው። እሱ ሳይወጣ እላዩ ላይ ምንም አላስቀምጥም። ለመሆኑ ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት በኩል ነው የሚሄደው?» አለኝ። ሥራውን የሰጠሁት በዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

በጽሑፍ ያመጣው ዝርዝር ግልጽ ነበር፦ ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣል፣ የተፈጨ ድንጋይ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አስፋልት ከተጠቀጠቀ በኋላ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ተዳፋቱ ከቤቱ ወደ ውጭ 2 በመቶ፣ ማለትም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ። «ከተጠቀጠቀ በኋላ» የምትለውን ልብ በሉልኝ። ሌላ በጽሑፍ የደረሰኝ ዋጋ ረከስ ይል ነበር፤ እሱ ላይ ያለው ግን «አስፋልት 6 ሳንቲ ሜትር» ብቻ ነው። ሲፈስስ 6 የነበረ አስፋልት ሮለር ካለፈበት በኋላ 5 እንኳ አይሞላም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ያሰፋውን ኮት ሲያሳየኝ መጀመሪያ ገልብጬ የማየው ገበሩን ነው፤ እዚህም ዓይኔ ያረፈው ከሥር ባለው ላይ ነበር። ዋልካውን አውጥተው ሲጨርሱ መሬቱ ላይ ጥቁር ወፍራም ጨርቅ ዘረጉ። ጨርቅ ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት። ውሃ ያሳልፋል፣ ጭቃ ግን አያሳልፍም፤ ድንጋዩ ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ እንዳይሰምጥ፣ አፈሩም ወደ ላይ እንዳይመጣ የሚለይ ነው። ድንጋዩን አንዴ አልከመሩትም። አሥር ሳንቲ ሜትር አፍስሰው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ በሮለር ጠቅጥቀው፣ ከዚያ ሁለተኛውን ደረቡ።

በጣም የወደድኩት ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ፎርማኑ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ አስጠርቶ በተጠቀጠቀው ላይ ቀስ እያለ እንዲሄድ አደረገ፤ እሱ ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ይከተላል። ከበሩ ገባ ሲል በስተግራ ጎማው ሲያልፍ መሬቱ ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ አለ። እሱ ጎንበስ ብሎ ባይከተል ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። «አቁም!» አለ፤ ያንን ቦታ ብቻ እንደገና አስቆፈረው። ከሥር እርጥብ ዋልካ ቀርቶ ኖሯል። አስፋልት ላይ እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ቦታ አይታችሁ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እንዲህ ያለ የተዘለለ ቦታ ነው።

የማንጠፉ ቀን ራሱ ቶሎ አለቀ። አስፋልቱ ሸራ ለብሶ መጣ፣ ቴርሞሜትር ተሰካበት፣ ሮለሩም ከበሮው ላይ ሬንጁ እንዳይጣበቅ ውሃ እያንጠባጠበ ወዲያው ተከተለ። 80 ዲግሪ አካባቢ ከመውረዱ በፊት ጨርሰው መውጣት አለባቸውና ማንም ቆሞ አያወራም። ሜትሬን አውጥቼ ጠርዙ ላይ ለካሁ፤ 6 ሞልቷል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የአስፋልት ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነው፤ የሚደግፈው ነገር የለም። ስለዚህ ሳይቀዘቅዝ በእጅ እየተመታ ወደ 45 ዲግሪ ያዘነብላል፣ ኋላም አፈር ይደገፍለታል። በቀኝ በኩል እንዲህ አድርገዋል። በአጥሩ በኩል ግን ምሳ ሰዓት ደርሶ ነው መሰለኝ እንደ ፈሰሰ ተዉት፤ ብዙም ሳይቆይ ጠጠሩ መርገፍ ጀመረ። ደጋግሜ ደውዬ ነው የመጡት። ቆርጠው አስተካከሉት፣ እሱስ እውነት ነው፤ ግን በውላችን መሠረት የመጨረሻውን 10 በመቶ ክፍያ ባልይዝ ኖሮ ስልኬን የሚያነሳ አላገኝም ነበር።

ሌላው፣ ሥራው ባለቀ ማግስት ከቢሮ አንዲት ልጅ ደውላ የላይ ቅብ አሁኑኑ እንዳስቀባ ወተወተችኝ። አዲስ አስፋልት ውስጡ ያለው ቀላል ዘይት እስኪወጣ ከ6 እስከ 12 ወር መጠበቅ አለበት፤ ይህንን የነገረኝ የራሳቸው ፎርማን ነው! እርስ በርስ ቢነጋገሩ ምን አለ?

ጊዜው ደርሶ ለቅቡ ሲመጡ ግን አላሳፈሩኝም። ከድሮው ኮንክሪት ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር፤ በአየር ነፍተው አጽድተው ትኩስ መሙያ አፈሰሱበት፣ ቅቡን ደግሞ በሁለት ስስ እጅ ቀቡት። ከዚህ በኋላ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይበቃዋል። በመሐል የእናንተ ድርሻ የሚያንጠባጥብ መኪና አለማቆም ነው፤ ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ሬንጁን ያሟሟዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ መኪናው ቆሞ መሪ አታዙሩ፤ ክሪክና መሰላል ስታቆሙም ከሥሩ ጣውላ አድርጉ።

ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ አንድ ነገር በውሉ ላይ አስጽፉ፦ ሮለሩ ለማይደርስበት ጥግ በእጅ የሚገፋ መጠቅጠቂያ ማሽን፣ ያውም መጠባበቂያ ያለው። እኔ ጋ የመጣው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዋናው ሥራ ሲሠራ ነዳጅ አልቆበት ቆሟል። የበሩ ጥግ ዛሬም ሻካራ ነው።