እናቴን በድፍረት ለጠየቀችልኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ይህን የምጽፈው እናቴ ፈቅዳልኝ ነው። «ሌላዋም እንደኔ አፍና እንዳትቀመጥ ንገሪ» ብላኛለች።

እማዬ ሰባት ልጅ ወልዳለች፤ ሁላችንንም እቤት። የመጨረሻውን ከወለደች በኋላ ማህፀኗ ወጣ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። አሁን ሳስበው ምልክቱ ዓይናችን ሥር ነበር። አሮጌ ነጠላ እየቀደደች ጨርቅ ታዘጋጃለች። ስታጥበው ግን ደጅ አታሰጣውም፤ ጓዳ፣ ከጎታው ጀርባ ነበር የምታደርቀው። ቅዳሴ ስትሄድ ቅጥሩ ውስጥ አትገባም፤ ሽንቴ ያመልጠኛል ብላ። እኛ ደክሟት ይመስለን ነበር።

አንድ ጊዜ «ወገቤን» ስትለኝ ከተማ አምጥቼ ክሊኒክ ወሰድኳት። አስተኝቶ ያያት የለም። ማስታገሻ ይዘን ተመለስን። እሷም በወንድ ሐኪም ፊት ቃሉ አልወጣ አላት።

ምሥራቅ ጎጃም፣ እኛ ቀበሌ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለእህቴ ልጅ ክትባት ነበር የመጣችው። ቡና ተጠጥቶ ጎረቤት እስኪበተን ቆየች። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «እትዬ፣ ሲቀመጡ ወደ ታች የሚገፋ ነገር ይሰማዎታል? ሽንትስ ያመልጥዎታል?» አለቻት። እማዬ አለቀሰች። አራስ ሆና ቶሎ ደጅ በመውጣቷ የመጣባት ቅጣት ይመስላት ነበር። ልጅቷ በሽታ መሆኑን ነገረቻት። ብዙ መውለድ፣ የቆየ ምጥ፣ ሳይጠኑ እንጨትና ውኃ መሸከም እንደሚያመጣው፣ ሕክምናም እንዳለው አስረዳቻት። ያቺን ጥያቄ እኔ ልጇ ጠይቄያት አላውቅም። አሁንም ያንገበግበኛል።

በጤና ጣቢያው በኩል ባህር ዳር ወደሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ተላከች። ፊስቱላ በቆየ ምጥ በሚመጣ ጉዳት ሽንት ወይም ሰገራ ሳይቆም የሚፈስበት ሕመም ነው፤ እማዬም መጀመሪያ «ፊስቱላ ናት ይሉኛል» ብላ እምቢ አለች። እውነት ነው፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታሉን ያቋቋሙት ለፊስቱላ ታካሚዎች ነው። ዛሬ ግን ማህፀን ለወጣባቸውም ያክማሉ፤ ያውም በነፃ። የሁሉም ሴት ሕክምና አንድ አይደለም። ቀለል ላለባት ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ። ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት የሚበቃትም አለች። የእማዬ የቆየ ስለነበር ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ነርሶቹ «እናቴ» እያሉ ነው ያስታመሟት።

እንዲህ የሚያደርጋት እናት፣ እህት፣ አክስት ያለቻችሁ፣ እናንተው ጠይቋት። ለብቻዋ አድርጋችሁ፣ ሕመሙን በስሙ ጠርታችሁ። ከዚያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አናግሩ።

እህቴ፣ ስሜን አታውጪ ስላልሽኝ አልጠራሁሽም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ ለኅዳር ጽዮን ድፎ ደፍታ ትጠብቅሻለች። ሊጡን የምታቦካው ግን እህቴ ናት፤ ከባድ ነገር አያንሱ ያልሻትን አልረሳችም።